አውራ ጣቷ ያረፈችበት ወንበር

የሌላው ሰው ቤት በዓል ሲመጣ ይሞላል፤ የእነቁንጫ ቤት ግን በዓል ሲመጣ ይራቆታል። ሥራቸው ዕቃ ማከራየት ነዋ! መጀመሪያ የሚወጡት ጓሮ ያለው መጋዘን ውስጥ የተደረደሩት ወንበሮች ናቸው። ቀጥሎ ጠረጴዛዎቹ፣ ቀጥሎ ትልልቆቹ ድስቶች፣ ሳህኖቹ፣ ብርጭቆዎቹ። መጋዘኑ ባዶ ሲቀር አባትየው ዓይኑን ወደ ሳሎን ይወረውራል። «ይቺ ማንቆርቆሪያ እዚህ ተጎልታ ምን ትሠራለች?» ካለ ማንቆርቆሪያዋም ሄደች ማለት ነው። አንዴማ እናትየው የተቀመጠችበትን ወንበር ከሥሯ ሊመዝ ሲል «እኔንም ጨምረህ አከራየኝ!» ብላ ጮኸችበት። እሱም ቆም ብሎ አየት አደረጋት፤ ያሰበበት ይመስላል።

እና የከተማው ሰው ሁሉ በእነሱ ወንበር ተንፈላሶ፣ በእነሱ ሳህን በልቶ፣ በእነሱ ብርጭቆ ጠጥቶ በዓሉን ሲያከብር፣ እናትና ልጅ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ጆሮው በተሰበረ ኩባያ ሻይ እየጠጡ አባትየውን ይጠብቃሉ። ምግቡ ተሠርቶ ተከድኗል። ግን አባት ሳይመጣ ክዳን አይከፈትም። ሰውየው በሥራ እየሞተ እነሱ ሊበሉ? በጭራሽ!

ቁንጫ ለወላጆቿ አንድ ናት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፤ በሕፃንነቷ ከወንበር ወንበር እየዘለለች አላስቀምጥ ስትለው። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች። መዝለሉ ግን ከእግሯ ወደ ምላሷ ተዛወረ እንጂ አልለቀቃትም።

የቤቱ ምልክትም እሷ ናት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ቤት የሄደ ወንበር ከሌላ ወንበር ጋር ይቀላቀላል፤ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ተብሎ ጭቅጭቅ ይነሳል። ስለዚህ አዲስ ወንበር በመጣ ቁጥር አባቷ የአረንጓዴ ቀለም ጣሳ ይከፍታል፣ ወንበሩን ይገለብጣል፣ የቁንጫን አውራ ጣት ቀለሙ ውስጥ ነክሮ መቀመጫው ሥር ጠቅ ያደርጋታል። የጀመሩት ገና ድክ ድክ ስትል ነው። የድሮዎቹ ወንበሮች ሥር ምስር የምታክል ጣት አለች፤ የቅርቦቹ ሥር ያለችው ግን የትልቅ ሰው ጣት ናት።

«ፊርማችን አንቺ ነሽ» ይላታል አባቷ።

ይህን ሰምታ የማትኮራ ልጅ ካለች ትምጣ። ቁንጫ ሰው ቤት ስትገባ ሰላም ከማለቷ በፊት እጇን መቀመጫ ሥር ትሰዳለች፤ ጣቷን ፍለጋ። ነገሩን የማያውቁት «ይቺ ልጅ ማስቲካ ልትለጥፍብን ነው» ብለው ያሟታል።

ወንበሮቹን ድሮ የሚሠራቸው አጎቷ ነበር፤ አናጢው፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም። ቤቱ ከታችኛው መንገድ ነው፣ ሥራ ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ። ወንድማማቾቹ ጥርስና ከንፈር ነበሩ፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያከራያል። ታዲያ ያን ጊዜ በዓል በዓል ነበር! የሰዉ ዕቃ ሁሉ ከተላከ በኋላ ሁለቱ ቤተሰብ አጎቷ ቤት ይሰበሰባል፤ እዚያ ወንበር አይጠፋም፣ ቢጠፋም ይሠራል። የአጎቷ ልጅ ፍንጭት ከቁንጫ ጋር እኩያ ናት። ስትስቅ የፊት ጥርሷ ክፍተት ቁልጭ ይላል፤ ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። አንዲት ዝቅ ያለች ሰፊ ወንበር ነበረቻቸው። አጎቷ ለሁለቱ ብሎ የሠራት ናት፤ የምታድረው ግን እነቁንጫ ቤት ነው። አንድ ወንበር፣ ሁለት ቂጥ፣ አንድ ሳህን። ማን እንደበላ ማን እንዳልበላ ራሳቸውም አያውቁም ነበር።

ይህ ሁሉ ፈረሰ። ያፈረሰው ደግሞ የዳኛው ቂጥ ነው።

የብርዱ ወቅት በዓል ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት። ዳኛው ትልቅ ግብዣ ጠርተው፣ ሳህናቸውን ሞልተው፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ሲሉ እግሩ ቀጭ አለ። ዳኛው ወደ ኋላ፣ ሳህኑ ወደ ላይ፣ ወጡ ወደ እንግዶቹ። የከተማው ሰው በሙሉ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል፣ አባቷ በድንጋጤ ጣቱን ወደ ወንድሙ ቀሰረ።

«የእሱ ሥራ ነው! ሚስማር ቆጥቦ ነው!»

«ዝናብ ላይ ጥለሃቸው ከርመህ!» አለ አጎቷ፣ ሚስማር የሚለው ቃል አጥንቱ ድረስ ዘልቆት።

አንዱ አንድ አለ፣ ሌላው ሁለት መለሰ። በመጨረሻ አባቷ ወንበር ላይ ወጥቶ (የማይሰበረውን መርጦ ነው መቼም) «ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ሰውዬ ደጅ የረገጠ ከእኔ ወገን አይደለም!» አለ። ሰው ሁሉ ሰማ።

ቤት ሲገቡ ቁንጫ ቀስ ብላ ጠየቀችው። «አባዬ፣ ፍንጭትንም?»

«እሷንማ በተለይ! ወሬ የሚያመላልሰው ልጅ ነው።»

ለአባቷ ስትል የማታደርገው የላትም! በማግስቱ ጠዋት ፍንጭት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ አጥራቸው ጋ ቆማ እጇን አውለበለበች። ቁንጫ ፊቷን አዞረች። በሚቀጥለውም ቀን ፍንጭት አውለበለበች፤ ቁንጫም አዞረች። ከዚያ ፍንጭት ተወችው።

የማያርፈው ምላሷ ግን አልተዋትም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የፍንጭት ወንበር ሲነቃነቅ ቁንጫ ከኋላ ሆና «ተጠንቀቂ እህት፣ አባትሽ የሠራው እንዳይሆን!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «ሰባራ ወንበር» የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍንጭት ላይ ተለጠፈ። ማታ ለአባቷ ስትነግረው እንባው እስኪመጣ ሳቀና «የአባቷ ልጅ!» ብሎ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት። ከረሜላዋ አልጣፈጠቻትም። ቢሆንም ዋጠቻት።

ከዚያ ወዲህ በዓሉ እንዲህ ሆነ። አባቷ ጎህ ሲቀድ ጋሪውን እየገፋ ይወጣል። አመሻሹ ላይ እየተንጠራራ ይገባል። «ሥራ ገደለኝ!» ይላል። እነሱ ምንጣፉ ላይ፣ ሆዳቸው እየጮኸ፣ ድስቱ ተከድኖ። አዳዲሶቹንም ወንበሮች ከትልቁ ከተማ በመኪና ነው የማስመጣው ይል ነበር። ሰውየው ኩራቱን ይዞ ብቻውን ሲለፋ ማየት ያሳዝናል። ቁንጫ እግሩን ታጥበዋለች። እንዲያውም አንዴ ካልሲውን ስታወልቅለት ከውስጡ የእንጨት ብናኝ ረገፈ። ምስኪን፣ ከወንበር ጋር ሲታገል ውሎ ነው አለች።

እንግዲህ የዘንድሮው፣ የክረምት መውጫው በዓል መጣ። ቀትር እንዳለፈ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት በነጠላ ጫማ እየሮጠች ደረሰች።

«ኧረ አድኑኝ! የባሌ ዘመዶች አንድ ሳይቀሩ ነው የመጡት! ቆመው እየበሉ ነው! ወንበር!»

«አባትሽ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው» አለች እናቷ ለቁንጫ። «ሩጪ፣ የተረፈ ካለ ይላክ።»

ሮጠች። አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር።

«አባትሽ? ጠዋት አራግፎ ሄደ እኮ።»

«ሥራ ላይ ነው የሚውለው፤ እዚህ ነኝ ብሏል።»

«የምን ሥራ? ሰው ሁሉ እየበላ ነው። አሁን ሥራ ያለው ጥርስ ብቻ ነው» አለና ወደ ስንጥሩ ተመለሰ።

ቁንጫ መንገድ ለመንገድ ትፈልገው ጀመር። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ከየመስኮቱ ሳቅ፣ የሳህን ኳኳታና የምግብ ሽታ ይወጣል፤ እሷ ደግሞ ገና ቁርስ አልቀመሰችም። በታችኛው መንገድ፣ ከአናጢው ግቢ ጀርባ ባለው ቀጭን መተላለፊያ ስታልፍ ግን እግሯ መሬት ላይ ተተከለ።

ጋሪያቸው! እጀታው በቢጫ ገመድ የተጠቀለለው፣ የአባቷ ጋሪ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ሰረቁን!» አለች።

ቆይ፣ አትሳቁባት። ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? የአጎቷ ቤት የጠላት ቤት ነው፤ የጠላት ቤት ጓሮ ጋሪያቸው ከተገኘ ተሰርቋል ማለት ነው። ደሟ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ደስም አላት። አባቷን እጁን ይዛ «ና፣ እጅ ከፍንጅ ይዤልሃለሁ!» ስትለው ታያት። የከረሜላ ጣሳውን ሙሉውን ነው የሚሰጣት!

የጓሮ በሩን ገፋ አደረገችው፤ ተከፈተ። ዳሱ ሥር ገና ቀለም ያልነካቸው አዳዲስ ወንበሮች ተደርድረዋል። ገልብጣ አየች፤ ጣት የላቸውም። ከቤቱ በር አጠገብ ደግሞ አንዲት ዝቅ ያለች ሰፊ ወንበር ነበረች። ቁንጫ ጎንበስ ብላ አየቻት። ያቺው ናት፤ የሁለት ቂጧ! አባቷ «ደንበኛ ቤት ጠፋች» ያላት። ገለበጠቻት። መቀመጫው ሥር ምስር የምታክል አረንጓዴ ጣት ቁጭ ብላለች።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ! ወንበሯን እግሮቿን ወደ ላይ አድርጋ ተሸከመችና በሩን በጉልበቷ በርግዳ ገባች።

«ሌቦች! እጅ ከፍንጅ—»

ጠረጴዛው ሞልቷል። አጎቷ አለ፣ የአጎቷ ሚስት አለች፣ ፍንጭት አለች። ፍንጭት አጠገብ ደግሞ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ አፉን ሞልቶ፣ አባቷ አለ።

የቁንጫ ጭንቅላት ለትንሽ ጊዜ እምቢ አለ። «እሱም ሌባ ሊይዝ ቀድሞኝ መጥቶ ነው» አለች በልቧ። ከዚያ ወደ ታች አየች። ጫማውን አውልቋል። ትልቁ ጣቱ ጋ እሷ ራሷ የጣፈችው ካልሲ፣ ወለሉ ላይ ባለው የእንጨት ብናኝ ላይ ዘና ብሎ ይወዛወዛል። ሌባ ሊይዝ የመጣ ሰው ጫማውን አያወልቅም።

«ቁ… ቁንጫ!» አለ አባቷ፣ በአፉ ያለውን እየዋጠ።

አጎቷ በሳቅ ጠረጴዛውን መታው። «እሰይ! በመጨረሻ እግርሽ ገባ! እዩዋት እስቲ፣ ወንበሯን እንኳ ተሸክማ ነው የመጣችው! የአናጢ ቤት ወንበር ጠፋ ያለሽ ማነው?» የአጎቷ ሚስት ሳህን ልታመጣ ብድግ አለች። ፍንጭት ብቻ አልሳቀችም፤ ሳህኗን ታያለች።

«አባዬ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«እ… ስለ ወንበሮቹ ነው። አጎትሽ አዳዲሶቹን እየሠራልኝ…»

«በመኪና ነው የሚመጡት ብለኸኝ የለ?»

«አንዳንዴ… መንገዱ ሲበላሽ…»

«ከመቼ ጀምሮ?»

አጎቷ የዋህ ነው፤ ቀጥ አድርጎ መለሰላት። «ከመቼ ጀምሮ ትላለች! ዳኛው ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ነዋ! በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ፣ በጓሮ በር፣ ውሃ የገባች አይጥ መስሎ ‹ጋሼ ይቅር በለኝ› ብሎ—»

«ተው እንጂ ጋሼ!» አለ አባቷ።

በማግስቱ! ፍንጭት አጥሩ ጋ እጇን ባውለበለበችበት ቀን። ቁንጫ ወንበሯን ከራሷ ላይ ማውረድ እንኳ ረሳች።

«ታዲያ እኔስ?» አለች።

«አንቺማ…» አለ አባቷ፣ አፉን ጠርጎ፤ እውነትም ሊያባብላት ፈልጎ ነው። «የተናገርኩት ሰው ፊት ነው፣ የኔ ልጅ። ቃሉን ያጥፋል እንዲሉኝ ነው? እናንተ እዚህ እስካልመጣችሁ ድረስ ቃሌ እንደቆመ ነበር። አንቺ እኮ ነሽ የጠበቅሽልኝ። ሰው ሁሉ ‹ልጅቷ እንኳ ፊቷን ታዞራለች፣ ሰውየው ቆራጥ ነው› ይላል። እንደኮራሁብሽ ብታውቂ!»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቢመታት እንኳ። እሱ ግን እያመሰገናት ነው።

ፍንጭት ወንበሯን ገፍታ ወደ ጓሮ ወጣች። ቁንጫ ተከተለቻት። ዳሱ ሥር ተፋጠው ቆሙ፤ የሁለት ቂጧ ወንበርም መሀላቸው።

«ታውቂ ነበር?» አለች ቁንጫ።

«አጠገቤ ነው የሚቀመጠው። ዕውር ነኝ እንዴ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አባትሽ ለመነኛ! ‹ለቁንጫ እንዳትነግሪያት፣ ምላሷ አያርፍም፣ ከተማውን ታዳርሰዋለች› አለኝ። እኔ ግን ልነግርሽ ነበር። አጥሩ ጋ የቆምኩት ለዚያ ነው። ሁለት ቀን።»

የቁንጫ የማያርፍ ምላስ አረፈ።

«ሰባራ ወንበር ያልሽኝ ቀንም» አለች ፍንጭት፣ የእንጨት ልጣጭ በጣቷ እየቆራረሰች፣ «በበነጋታው እዚህ መጣና ነገረን። እየሳቀ ነው የነገረን። አባቴም ሳቀ። ‹ወይ ምላስ!› አሉ። እናቴም ሳቀች።»

«እሱ ነው የከለከለኝ እኮ! እሱን ብዬ ነው!»

«እኔንም አባቴ ከልክሎኝ ነበር። ግን እጄን አወዛወዝኩ።»

«አሁንማ መምጣት እችላለሁ። አሁንማ ሁሉም ታወቀ፣ ማንም አይ—»

«ነይ» አለች ፍንጭት። «ማን ከለከለሽ? ምግብ አለ፤ ወንበርም አለ።» ወደ ቤት ገባች። ቁንጫ ያኔ ነው ያስተዋለችው፤ ፍንጭት ስታወራ ከንፈሯን ጥርሷ ላይ ገጠም ታደርጋለች። ክፍተቱ አልታያትም።

ቁንጫ አልገባችም። አዳዲሶቹን ወንበሮች ጋሪው ላይ ጫነች፤ የመጣችው ለዚያ ነበራ። አባቷ በሩ ጋ ጫማውን ፍለጋ ሲራወጥ፣ እሷ ጋሪውን ሲጢጥ እያሰኘች ሄደች። የመድኃኒት ቤቷ እንግዶች በአባቷ ወንድም ወንበር ተቀመጡ። አንድም አልተሰበረ።

ቤት ስትደርስ እናቷ ምንጣፉ ላይ ነበረች። ድስቱ ተከድኗል።

«አገኘሽው?»

«ሥራ ላይ ነው» አለች ቁንጫ። ለምን እንዳለች አታውቅም። ምናልባት እናቷ ስትጎዳ ማየት አልፈለገችም። እናቷ እኮ ከአጎቷ ሚስት ጋር እንደ እህትማማች ነበሩ፤ እሷም እንደ ልጇ ሁሉን ትታ፣ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ተርባ ነው ያለችው። ሁለት የታመኑ ሞኞች፤ ቢያንስ ሁለት ናቸው።

አመሻሹ ላይ አባቷ ገባ። በር ላይ ቆሞ ቁንጫን ሰረቅ አድርጎ አያት፤ እንዳልተናገረች ከእናቷ ፊት ሲረዳ ጊዜ ትከሻው ወረደ፤ ዓይኑንም ጠቀሳት። ጥቅሻ! እንደ ባልንጀራ፣ እንደ ተባባሪ!

«ሥራ ገደለኝ!» አለና ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ።

«ምስኪን አባዬ» አለች ቁንጫ፣ ብድግ ብላ ሳህን እያነሳች። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም እኮ።» ሳህኑን ሞላችው። ጠቀጠቀችው። ላዩ ላይ ዳቦ ከመረችበት።

«ኧረ ይበቃል…»

«አይበቃም! የሠራ ይብላ።»

በላ። ምን ምርጫ አለው? ሲጨርስ ጨመረችለት። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላላ፣ ከዚያ በሌላ። «ትንሽ ስጋ እማዬ፣ አባዬ ከሳ እኮ!» እያለች ትጨምራለች። አባቷ እያንዳንዷን ጉርሻ እንደ ሚስማር ይውጣል፤ ዓይኑ ይለምናታል፣ እሷ ፈገግ ትላለች። ከቀኑ ሁሉ ደስ ያላት ያቺ ደቂቃ ነበረች።

እናቷ እጇን ሳህኑ ላይ ጋረደች። «ተይው በቃ፣ ቁንጫ። ሁለት ቤት የበላ ሰው እኮ ይፈነዳል።»

አባቷ መዋጡን ረሳ።

«እማዬ… ታውቂ ነበር?»

«ካልሲውን የማጥበው እኔ አይደለሁም? ሰው ወንበር ሊያከራይ ሄዶ ካልሲው ውስጥ የእንጨት ብናኝ ይገባል? አጎትሽ ቤት ብቻ ነው ጫማ የሚያወልቀው።» እናቷ ሳቀች፤ ለስላሳ፣ ክፋት የሌለበት ሳቅ። «እኔም ከአጎትሽ ሚስት ጋር ገበያ ላይ እንገናኛለን አንዳንዴ። ሰው ካላየን እንሳሳማለን።»

«ለእኔስ? ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

እናቷ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገች። «አንቺማ የከፋሽ አትመስይም ነበር፣ የኔ ቆንጆ። ደስ ብሎሽ ነበር የምትዘልፊያት።»

ቁንጫ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። ከሁለቱ ቤተሰብ፣ ከትልቁም ከትንሹም፣ ያን ጥል ከልቡ ያመነ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ በጓሮ በር ይመላለስ ነበር። ሳህኗ ፊቷ ቀርቦላት አልነካችውም፤ በዓሉን ሙሉ ስትራብ ውላ አሁን ረሃቡ ጠፋ።

በዓሉ ባለፈ ሰሞን ወንበሮቹ እየተሰበሰቡ ገቡ። አባቷ ነገሩ አንዴ ከፈነዳ ብሎ በፊት ለፊት መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የወንድሙን ትከሻ አቅፎ ታየ። ሰዉ «ታረቃችሁ እንዴ?» ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ልጄ ለምናኝ ነው። ለእሷ ስል ነው።»

ሰዉም ቁንጫን መንገድ ላይ እያቆመ ጉንጯን ሳማት። «ተባረኪ፣ አስታራቂዋ!»

አጎቷ አዳዲሶቹን ወንበሮች ከመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ዘንድ በጋሪ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ደረደረ። አባቷ የቀለም ጣሳውን ከፈተ፣ የመጀመሪያውን ወንበር ገለበጠ፣ እያፏጨ ተጣራ።

«ፊርማችን! የት ነሽ? ጣትሽን!»

ቁንጫ አጠገቡ ቆማ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

«በራስህ ጣት አድርገው።»

«የኔማ ጣት ትልቅ ነው። ምልክቱ አይመሳሰልም።»

«አይመሳሰል። የማን እንደሆነ ይታወቃል።»

ሳቀ፤ ቀልድ መስሎታል። እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። ቆይቶ ሳቁ ቀነሰ። «ቁንጫ… ነይ እንጂ፣ ቀለሙ እየደረቀ ነው።» እሷ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ አባቷ የራሱን አውራ ጣት ነክሮ መቀመጫው ሥር ተጫነ። አልለመደማ! ጣቱ ተንሸራተተና ምልክቱ ተለቀለቀ፤ ጣት ሳይሆን ጅራት ያለው ነገር መሰለ።

በዚያው ቅጽበት ፍንጭት ደብተሯን ታቅፋ በአጥሩ ማዶ ስታልፍ ታየች። ቁንጫ ወደ አጥሩ ሄደች። እጇን አነሳችና አወዛወዘችው።

ፍንጭት ቆመች። ፊቷን አላዞረችም፤ እጇንም አላነሳችም። እንዲሁ ቆማ አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

ከኋላ አባቷ «ጨርቅ አምጪልኝ፣ ቀለሙ እጄን አበላሸው!» እያለ ይጣራል። ቁንጫ አልዞረችም። መንገዱ ባዶ እስኪሆን ድረስ እጇን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ቆየች፤ ነገም ፍንጭት በዚያው በኩል ታልፋለች።